ጀርባ የለመደች ልጅ

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ የወንድሜ የመሓሪ ሚስት ከመሆን አልፈሽ ለእኔ ጓለይ፣ ልጄ፣ ለሆንሽው ለሮሃ፤

በዚያ በብርድ አገር ጤናሽ እንዴት ነው? መሓሪስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጅሽ ወይኒም እንደ ጥጃ ስትቦርቅ ትውላለች። ለጥምቀቱ በሰላም ያደረሰን አምላክ እናንተንም ባላችሁበት ይጠብቅልኝ።

ስልክ እያለ ምን ያስጽፋታል እንዳትዪኝ። ያን ጊዜ ስልኩ ሁሉ ተቋርጦ በሰው እጅ ስንላላክ ለመድኩና፣ አሁን የስልክ ወሬ አያጠግበኝም። ደግሞስ አንቺ ስልክ ስታነሺ ወይ ሥራ ልትገቢ ነው ወይ ከሥራ ወጥተሽ ደክሞሻል። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ዕረፍት ስታገኚ አንብቢው።

አሁን እልል በይ! ቪዛው ወጣ! የእሷም የእኔም! ፓስፖርታችን ከአዲስ አበባ በደረሰኝ ቀን እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ እልልታዬን ባቀልጠው ዘበኛው «ማዘር፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አለኝ። «ከሠርግም ይበልጣል፤ ልጅ ከእናቷ ላገናኝ ነው» አልኩት።

አንቺ የመኖሪያ ፈቃድሽ እድሳት ላይ ሆኖ ከዚያ አገር መውጣት እንደማትችዪ፣ መሓሪም ከሥራው እንደማይላቀቅ አውቃለሁ። ስለዚህ በግንቦት እኔው ይዣት እመጣለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ቢሆንም የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፣ የእኔ ሥራ ልጅቷን መያዝ ነው። ቃሌን ይኸው ጽፌ እሰጥሻለሁ፦ ወይኒ ሳትጮህ፣ ሳይርባት፣ ደረቅ ልብስ ለብሳ አጠገብሽ ትደርሳለች።

ጎረቤቴ ማዘንጊያ «የሳል ሽሮፕ ብታጠጫት እኮ እስክትደርሱ ድረስ አትነቃም» ብላ መከረችኝ። «ልጅ ነው የምወስደው ወይስ ጆንያ?» ብያት ይኸው ተኳርፈናል።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ካንቺ አልደብቅም። ወይኒ እንቅልፍ የሚወስዳት ጀርባ ላይ ብቻ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልጋ ላይ ሆና ዐይኗን ከድና አታውቅም። እናንተ ሸዋዎች አንቀልባ የምትሉትን ማሕዘሏን ራሷ እየጎተተች ታመጣና፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ ታስጎነብሰኛለች። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ «እኖ፣ እኖ» ትላለች፣ እማዬ እንደማለት፤ ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጭጭ። ደስ ማለቱን ብታዪ!

መቼም መላ አላጣለትም። ጽፈሽ መልሺልኝ።

ኣስካል ነኝ

---

ኦስሎ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ኣስካል፤

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቪዛው በመውጣቱ እኔም መሓሪም በጣም ደስ ብሎናል። ቶሎ ያልመለስኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ጉዞው የማውቀውን ልንገርዎ። ወይኒ ሁለት ዓመት ስላለፋት የራሷ ወንበር ይኖራታል። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ቀበቶ ታስራ መቀመጥ ግዴታ ነው። ልጅ አዝሎ ደግሞ መቀመጥ አይቻልም፤ ቆሞ መጓዝም አይፈቀድም። ስለዚህ የጀርባው ነገር እዚያ የሚሆን አይደለም። መሓሪ የልጆች ፊልም በስልክዎ ይልክልዎታል፤ እሱን እያየች ብትመጣ ይሻላል። ሲነሣ ጆሮዋን እንዳያማት የምትጠባው ነገር ይያዙላት። ሽሮፑን እምቢ ስላሉ አመሰግናለሁ።

ጫማ ልገዛላት ፈልጌ ነበር። ቁጥሯ ስንት ደርሷል? ከፎቶ መገመት አልቻልኩም።

አክባሪዎ ሮሃ

---

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሮሃ፣ ሰላምታዬ ከደጄ እስከ ደጅሽ ይዘርጋ፤

ጫማዋ ሃያ አራት ነው፤ አንቺ ግን ሃያ አምስት ግዢ። እግሯ በአባቷ ሊወጣ ነው።

ፊልሙን አሳየኋት። ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ ዐይኗን ሳትነቅል ቁጭ! እኔም «አየ መሓሪ፣ ጎበዝ» ብዬ ምስሬን መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ሮሃ፣ ጩኸቷ እንዳ ኢየሱስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ማዘንጊያ ኩርፊያዋን ረስታ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች፤ በዚያው ታረቅን። ስለዚህ ፊልሙ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገርሽ? ሳሎኑን አውሮፕላን አደረግሁት! ወንበሮቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደርን፤ ተከራዮቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ፣ መንገደኞች ሆኑ፤ ረጅሙ ኣረጋዊ ደግሞ ፓይለት። ቀበቶው የእኔ መቀነት ነው። ኣረጋዊ ኩባያ አፉ ላይ ደፍቶ «ክቡራትና ክቡራን!» ይላል፤ በትግርኛ ይደግመዋል፤ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ እንኳን እኔ እሱም የሚለውን አያውቀውም። የመጀመሪያ ቀን መቀነቱን ሳስራት ቤቱን አናጋችው። አሁን ራሷ ወንበሯ ላይ ወጥታ «እሰሪኝ! ኣረጋዊ፣ ንዳ!» ትላለች።

መቀነቱን ለመፍታት ስትታገል ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ይህች ልጅ ቋጠሮ መፍታት ነፍሷ ነው! በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ማንኪያ ቋጠርኩላት፤ ፈታች። ሕምባሻ ቋጠርኩላት፤ ፈትታ በላች። የልብስ ብሩሽ፣ የራሷን ካልሲ፣ ምንም ልቋጥር ምን፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታይ እንቅልፍ የላትም። መጫወቻ እንዳትገዢ፤ አንድ ዘንቢል ቋጠሮ ይዤ ነው የምሳፈረው። አፏ ውስጥ የምትከተው ትንሽ ነገር አልቋጥርም፤ አታስቢ።

ቅዳሜ ቅዳሜም ወደ ኲሓ ወስጃት፣ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ውጭ ቆመን አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ እናያለን። መጀመሪያ ቀን ከድምፁ የተነሣ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። አሁን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ና! ና ውረድ!» እያለች ትቆጣዋለች። ሲወርድማ እሷ ያወረደችው ይመስላታል።

ዋናውን ልንገርሽ። ያልሽው ገብቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ አላዘልኳትም። ማሕዘሉን ከማትደርስበት ሰቅዬዋለሁ። አለቀሰች፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ መጨረሻ ጭኔ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ ወንበር ላይ ተኛች። ጀርባዬ ቀለለ። ቅለቱን ግን፣ እንጃ፣ አልወደድኩትም። ደግሞ «እኖ» ስትለኝ «እኔ ኣሞ ነኝ፣ ያባትሽ እህት፤ እኖ ኦስሎ ናት» እያልኩ ፎቶሽን አሳያታለሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ጀርባዬ ከቀረባት ሌላ የምታቅፈው ያስፈልጋታል፤ እሱም ያንቺ ይሁን። የለበስሽውን ልብስ ላኪልኝ። ያልታጠበ! ጠረንሽን ከአሁኑ ትልመደው፤ አውሮፕላኑ ውስጥም እሱን ታቅፋ ትተኛለች። አደራ፣ ሳትቆዪ።

ኣስካልሽ

---

ኦስሎ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ኣስካል፤

እንዴት ሰነበቱ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ።

ልብስ ስላሉኝ፣ ያደፈ ልብስ ለባል እህት መላክ ከእናቴ ቤት ያልተማርኩት ነውር ነው። ስለዚህ አዲስ የአንገት ልብስ ገዝቼ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሽቶም ነክቼ ወደ መቐለ በተነሣው በወዳጃችን በሥዩም እጅ ልኬያለሁ። ለእርስዎም ሹራብ አለበት። ጫማውን እዚሁ አስቀምጬዋለሁ።

ከመሓሪ ጋር አንድ ነገር ተነጋግረን ነበር። ቤታችን በጣም ጠባብ ነው፤ በመስከረም ሰፋ ያለ እናገኝ ይሆናል። እኔም ሥራዬ እስኪረጋ ድረስ ጊዜ የለኝም። ወይኒም ትንሽ ብታድግ ጉዞው ይቀላት ነበር። እስከ መስከረም ብናቆየው ምን ይመስልዎታል? እርስዎንም ማድከም አልፈልግም።

አክባሪዎ ሮሃ

---

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮሃ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ለመሓሪም ሰላም በዪልኝ፤

አይቆይም!

ሥዩም ዕቃውን አድርሶልኛል። ሹራቡ ልክ ሆነኝ፣ እግዚአብሔር ያልብስሽ። የአንገት ልብሱን ግን ወይኒ አሸተተችው፣ አስነጠሳት፣ ወስዳ ማዘንጊያ ጭን ላይ ጣለችው። እውነቷን ነው። ሱቅ ሱቅ ይላል እንጂ እናት እናት አይልም። እኔ ለማጌጫ ጠየቅሁሽ እንዴ? ወጥ የነካው፣ ላብ የጠጣ፣ እጅጌው የተልመጠመጠ ነው የምፈልገው! ነውሩ በእኔ ይሁን። ለእናትሽም «ኣስካል ናት ያስገደደችኝ» በያቸው።

ወደ ሌላው ልምጣ። ቤቱ ጠባብ ነው አልሽ። እኔና መሓሪ ያደግንበት ቤት ስንተኛ የአንዱ እግር ከሌላው አፍ አይርቅም ነበር። ጓለይ፣ ነገሩ የቤት ጥበት አይደለም። ልጄ አይታኝ ወደ ኋላ ትላለች ብለሽ ነው። ትበል! ታፍርሽ ይሆናል፣ ታለቅስም ይሆናል። ያን ሁሉ ብረት ከነጩኸቱ ያስለመድኳት ሴትዮ እናቷን ማስለመድ ያቅተኛል?

አሁን እኔ የፈራሁትን ደግሞ ስሚ። እስከ መስከረም ከቆየች ማሕዘሉን ከተሰቀለበት አወርደዋለሁ። ራሴን አውቃለሁ። አንድ ቀን ያማታል፣ ወይ ዝናብ ይጥላል፣ ወይ ምክንያት እፈጥራለሁና አወርደዋለሁ። ካወረድኩት ደግሞ ሁለተኛ ለመስቀል አቅም የለኝም። ስለዚህ በርቺ፣ ኣጆኺ፣ አይዞሽ፤ እኔም የምበረታው አንቺ ስትበረቺ ነው።

ትኬቱ ለግንቦት ስድስት ተቆርጧል። እንመጣለን።

ኣስካል

---

ኦስሎ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ኣስካል፤

ደብዳቤዎን አንብቤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ቡናማውን ሹራቤን ለበስኩ፤ ከለበስኩት ወዲህም አላጠብኩትም። ሽሮ ሠራሁበት፣ ሽንኩርት ከተፍኩበት፣ ሮጬ ባቡር ያዝኩበት፣ ተኛሁበት። መሓሪ ስገባ መስኮት ይከፍታል። «ሽሮ ቤት ያገባሁ መሰለኝ» ይላል። ባቡር ላይ አንዲት ሴትዮ ከአጠገቤ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ግን አላወለቅሁትም። ወዳጃችን ሽሻይ ለፋሲካ ሲመጣ ያመጣልዎታል። በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቤ ጠቅልዬዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ለሽሻይ አልነገርኩትም፣ እርስዎም እንዳይነግሩት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ማሕዘሉን ይዘውልኝ ይምጡ። ያኔ እዚያ ሳለሁ ማዘል አልሆነልኝም ነበር፤ ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ የሚያስሩልኝ። አሁን ማታ ማታ ትራስ በነጠላ እያዘልኩ እለማመዳለሁ። ሁለቴ ወድቆብኛል። መሓሪ «አይዞሽ፣ ትራስ አያለቅስም» ይለኛል። እኔ ግን በወደቀ ቁጥር ልቤ ከእሱ ጋር ይወድቃል።

ግንቦትን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅዎ ሮሃ

---

ከሰማይ ላይ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሮሃ፤

ይህን ስንደርስ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ያን ሰዓት አፌ እንደማይታዘዝልኝ ስለማውቅ አሁን እጄ ይናገርልኝ።

ከመቐለ አዲስ አበባ ያለውማ እንደ ሳሎናችን ነበር። ፓይለቱ በድምፅ ማጉያው መናገር ሲጀምር ወይኒ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ «ኣረጋዊ! ኣረጋዊ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሲነሣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ስደባልቅ፣ እሷ ሕምባሻዋን እየመጠጠች «ኣሞ፣ ኣይትፍርሂ» አለችኝ። አትፍሪ ማለቷ ነው፤ በዚህ አፏ!

ረጅሙ መንገድ ላይ በወዲያኛው ጎኗ አቶ ሔሩይ የሚባሉ ክራባት ያሰሩ ሰው ነበሩ። ገና ሲያዩን አስተናጋጇን ጠርተው «ሕፃን ካለ ሌላ ቦታ ስጪኝ» አሏት። «ሞልቷል» አለቻቸው። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ዘንቢሌን ከፈትኩ። ወይኒ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች፤ ሁለተኛውን ፈታች፤ ሦስተኛውን አልፈታ ሲላት ዞር ብላ ለአቶ ሔሩይ ሰጠቻቸው። ሰውየው ፈቱት። መልሰው ቋጠሩት። ኋላ ቋጠሮዬ ሁሉ ተፈትቶ ሲያልቅ ክራባታቸውን አውልቀው መቋጠር ጀመሩ። «እኔ እኮ ከልጅ ጋር መቀመጥ አልወድም ነበር» አሉኝ። «ያስታውቃል» አልኳቸው።

አሁን ደግሞ እውነቱን። አንድ ጊዜ መጥፎ ሆነ። እንቅልፏ መጣና ጀርባዬን ፈለገች። ከወንበሯ ወርዳ በእኔና በወንበሩ መካከል ልትገባ ታገለች፤ ጩኸቷን ለቀቀችው። ፊልሙን ከፈትኩላት፤ ስልኩን ገፋችው። ፊት ያሉት ዞረው አዩን። ማሕዘልሽ በላያችን በእጅ ሻንጣው ውስጥ ነበረ። ተነሥቼ ዚፑን ከፍቼዋለሁ፣ ሮሃ፤ እጄ ቆዳውን ነክቶታል። አስተናጋጇ «እናቴ፣ ቀበቶ የማሰሪያ ሰዓት ነው፣ ይቀመጡልኝ» ባትለኝስ? እንጃ። ሳልወድ ዚፑን ዘጋሁና ከጎኑ ያለውን ፌስታል አወረድኩ።

ሹራብሽን ሳወጣው አቶ ሔሩይ ሳይቀሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወይኒ ማልቀሷን አቋርጣ አሸተተችው። አፍንጫዋን ሸብሽባ «ኡፍ!» አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ እጅጌውን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ቀበቶዋ እንደታሰረ፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋ ተኛች። እኔን አልነካችኝም። እጄን አጠገቧ አስቀምጬላት ነበር፤ አልፈለገችውም።

ደስ አለኝ። ከልቤ ነው የምልሽ፤ የለፋሁት ለዚህ ነው። ትንሽ ብቻ መስኮቱን አየሁ።

ሊያርፍ ነው አሉ። ልብሷ ደረቅ ነው፤ ጭማቂው የፈሰሰው በእኔ ላይ ነው። ከዚያች ከአንዷ ጩኸት በቀር ቃሌን ጠብቄያለሁ። የቀረው ያንቺ ነው።

ኣስካል

---

ኦስሎ
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ኣስካል፤

በሰላም ቤትዎ በመግባትዎ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ኣረጋዊና ማዘንጊያ እንዴት ናቸው? ክረምቱስ?

እዚህ እያሉ አፍ አውጥቼ ያልነገርኩዎትን ልጻፍልዎ። ያን የመጣችሁ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጡ ወይኒ ቀሚስዎ ውስጥ ተደብቃ በአንድ ዐይኗ አየችኝ። ሹራቡን አቅፋ ነበር። ላነሣት ጎንበስ ስል ሹራቧን ልቀማት የመጣሁ መስሏት «የእኖ ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። እርስዎ ከት ብለው ሳቁ፤ መሓሪም ሳቀ። እኔ መሳቅ የቻልኩት ከሳምንት በኋላ ነው።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወይኒን ለእኔ ትተው «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» እያሉ የት ይሄዱ እንደነበር አሁን መሓሪ ነገረኝ። ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በዝናብ፣ ባዶ ዘንቢል ይዘው ይቀመጡ ነበር አሉ። እኔ ደግሞ «ምን ሱቅ አበዙ» ብዬ አምቼዎት ነበር።

ከሄዱ በኋላ ወይኒ ሃያ አምስት ቁጥር ጫማዋን አድርጋ በሩ ሥር ቆማ ጠበቀችዎት። «ኣሞስ?» ትለኛለች። «መቐለ ናት» እላታለሁ። «ና በያት፤ ትውረድ» ትለኛለች፣ ወደ ሰማይ እያሳየች። አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ ግን ሹራቡን እንጂ እኔን አታቅፍም።

ዛሬ ከሥራ ገባሁ። ገና ልብሴን አልቀየርኩም፣ አልታጠብኩም። በሩ ጀርባ ላይ ሰቅለውልኝ የሄዱትን ማሕዘል እየጎተተች አመጣችው። በቀሚሴ ይዛ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞረችኝ፤ እኔም ጎነበስኩ። የመጀመሪያው እስር ላላብኝ። ሁለተኛው ጸና። ማጅራቴን አሸተተችና «ኡፍ» አለች። ከዚያ እርስዎ እንደጻፉልኝ ነው፤ ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። የምትለውን ግን አልጽፍልዎትም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ጽሕፈቴ ስለተንጋደደ ይቅር ይበሉኝ። ወንበሩ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ግን ቆሜ ነው የምጽፍልዎ።

ሮሃ